ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለ ቦታ

እመት መሄጣብኤል ቶርን አዋላጅ ነበሩ። ከመንደራችን ሰው እኩሌታውን ወደዚህ ዓለም ያስገቡት እሳቸው ናቸው። አጭር፣ ትከሻ ሰፊ፣ ሲሄዱም ሲሠሩም የሚያጉረመርሙ ሴት ነበሩ። ስለ እሳቸው ከእኔ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ይኖራል ብዬ ስጠብቅ ዓመታት አለፉ፤ አልመጣም። እኔ የጸሎት ቤቱ ጠባቂ ነኝ። ወለሉን እጠርጋለሁ፣ ስብከት ሲጀመር የአሸዋውን ሰዓት እገለብጣለሁ። ያየሁትንም ያየሁት ከሰዓቱ አጠገብ ቆሜ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በመቀመጫ ነው። በጸሎት ቤታችን ማን የት እንደሚቀመጥ ሽማግሌዎቹ ይወስናሉ፤ ዝርዝሩም በሩ ላይ ይለጠፋል። በ1691 መከር ሲሰበሰብ፣ ለአዋላጅነት ድካማቸው ክብር ተብሎ እመት መሄጣብኤል ከስድስተኛው ረድፍ ወደ ሁለተኛው መጡ። እዚያ ትቀመጥ የነበረችው የባለ ሰፊ እርሻው ሚስት ሐፍሴባ ክሬን ወደ ሦስተኛው ወረደች።

ሐፍሴባ በሩ ላይ ጠብቃ፣ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ ጎረቤቴ! በዚያ ትከሻሽ ሰባኪውን እንዳትጋርጂብኝ አደራ" አለቻቸው።

"ምን ቸገረሽ፣ አንቺ እንደሆን የምትሰሚው እያንኮራፋሽ ነው" አሉ እመት መሄጣብኤል።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሐፍሴባ ግን ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቶ ወደ ቤቷ ሄደች።

የበረዶው ወራት ሳይወጣ ከጎረቤት ከተማ ከሳሌም የጠንቋይ ወሬ ደረሰን። ልጃገረዶች እየወደቁ ይንፈራገጣሉ፣ የጠንቋይ መንፈስ በእስፒል ወጋን እያሉም እስፒሉን ከአፋቸው አውጥተው ያሳያሉ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ በእኛም መንደር አራት ልጆች ወደቁ። አንዷ የሐፍሴባ ልጅ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ኢየሩሳ ነበረች። እናቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ "ማነች የወጋችሽ? ሁለተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጠው አይደለችም? ንገሪን እንጂ!" ትላታለች። በሦስተኛው ቀን ልጅቱ፣ "አዎ፣ እሷ ናት" አለች።

ችሎቱ እኛው ጸሎት ቤት ውስጥ ተሰየመ። እኔ ጠዋት ወለሉን ጠርጌ ነበር።

"መሄጣብኤል ቶርን፣ እነዚህን ልጆች ለምን ታሠቃያለሽ?" አለ ዳኛው።

"እኔ ያሠቃየሁት እናቶቻቸውን ነው፤ 'ግፊ፣ ግፊ' እያልኩ።"

በሌላ ቀን ቢሆን ሰው በሳቅ ይወድቅ ነበር። ያን ቀን የወደቁት ልጆቹ ናቸው። ሦስቱ እየጮኹ ተንፈራገጡ፣ ኢየሩሳም አብራ ወደቀች።

"ትንካት!" አለ ዳኛው።

ተከሳሿ ስትነካት ልጅቱ ከተረጋጋች፣ የለቀቀችባት መርዝ ወደ ራሷ ተመለሰ፣ ጠንቋይ ናት ማለት ነው። ያ ለገመድ ይበቃል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ የእመት መሄጣብኤል ወንድም ጠዋት፣ "ቢጎትቱሽም እጅሽን እንዳትዘረጊ" ብሎ መክሯቸው ነበር። እመት መሄጣብኤልም እጃቸውን ሽርጣቸው ውስጥ ደብቀው፣ "አልነካም" አሉ።

ከዚያ ልጅቱን አዩ። ኢየሩሳ አትጮህም ነበር። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ጣቶቿ ጉሮሮዋን ይቧጥጣሉ።

"ይቺ የምሯን ነው" አሉ።

ሌላ ሰው ያስተዋለ አልነበረም። እኔም አላስተዋልኩም። አንዴ ገመዱን የሚያስቡ ይመስል ባሉበት ቆሙ፤ ከዚያ ዘቡን በክርናቸው ገፍተው ሮጡ። ልጅቱን ጉልበታቸው ላይ በሆዷ ደፍተው ጀርባዋን በመዳፋቸው መቱ፣ ደገሙ፣ ሠለሱ። ከአፏ አንዲት እስፒል ወጥታ የጠረግሁት ወለል ላይ ተንከባለለች። ኢየሩሳ አየር ሳበች፣ አለቀሰች፣ ሽርጣቸውን ጨብጣ ጸጥ አለች።

"ነካቻት! ተረጋጋች!" ብላ መጀመሪያ የጮኸችው ሐፍሴባ ናት። ቤቱ ተቀበላት። ዳኛው እስፒሏን ከመሬት አንስቶ፣ "ይኸው፣ የወጋችበት" አለ።

እስር ቤት የአጃ ዳቦ ወሰድኩላቸው።

"ጠንቋይ ነኝ ቢሉ እኮ ይተርፋሉ፣ እመት። ያመኑትን አልሰቀሉም።"

"ከዚያ ማን አስተማረሽ ይሉኛል። የማንን ስም ልጥራ፣ ኤልያብ? ያንተን?"

ዳቦውን ቆርሼ ሰጠኋቸው። "እጅዎን ባይዘረጉ ኖሮስ?" አልኩ።

ተቆጡ። "አንተ ምን ታውቃለህ! ይቺ ልጅ ስትወለድ በእግሯ ነው የመጣችው። ሁለት ቀን ሙሉ ለፍቼ ያወጣኋትን በእስፒል ትሙትብኝ?" ከዚያ ዳቦው ጠንካራ ነው ብለው አጉረመረሙ።

በነሐሴ ተሰቀሉ።

በቀጣዩ እሑድ ሐፍሴባ ማንንም ሳትጠይቅ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ኢየሩሳ አልተከተለቻትም፤ መተላለፊያው መሀል ቆማ ቀረች። ስብከቱ ተጀመረ፣ ሰዓቱን ገለበጥኩ።

"ተቀመጪ፣ አንቺ! አታዋርጂኝ!" እያለች እናቷ ቀሚሷን ጎተተቻት።

"ቦታው ሰው አለው" አለች ኢየሩሳ። ሰባኪው ሳይቀር ሰማ።

አሸዋው አልቆ እንደገና ገለበጥኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመች። በሳምንቱም እንዲሁ። ሰባኪው ዓይኑን የሚያሳርፍበት እያጣ ቃሉ ይጠፋበት ጀመር። በሦስተኛው እሑድ ሐፍሴባ አንገቷን ደፍታ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ተመለሰች። ያኔ ልጅቱ አጠገቧ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ በመንደራችን የወደቀች ልጅ የለችም። ሽማግሌዎቹ በየዓመቱ ዝርዝሩን ያወጣሉ፤ ለዚያ ቦታ ስም ጽፈው አያውቁም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ስጠርግ እዚያ ስደርስ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ።