በአንገትጌው ውስጥ የሰፋሁት ማተብ

1979 ዓ.ም.፣ ሰኔ ሲጋመስ ነው። አሶሳ ዙሪያ ከሰፈርን ሁለተኛው ክረምት መሆኑ ነበር። ከወሎ ስመጣ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ይዤ ነው የመጣሁት፤ ሁለቱን በረሃቡ ጊዜ መጠለያ ውስጥ ቀብሬአለሁ። አንዱን ስላተረፈልኝ እግዚአብሔርን ጠዋት ማታ አመሰግን ነበር።

ያ የተረፈው ጎረምሳ ልጄ ለካድሬነት ተመለመለ። አሶሳ ከተማ ሲሰለጥን ከርሞ ሲመለስ አንገቱን አየሁት። ክርስትና ሲነሳ ያሰርኩለት ማተብ የለም።

«የት ጣልከው?»

«በጠስኩት፣ እማ። እግዚአብሔር የሚባል የለም።»

ይህን ብሎ እራት ጠየቀኝ።

ብዙም ሳይቆይ መብረቅ የመንደራችንን ትልቁን ዛፍ ሰነጠቀው። ሰው አልነካም። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ግን ሴቶቹ አፋቸውን አልያዙልኝም።

«ያንቺ ልጅ በበጠሰው እኛ እንንደድ?» አለች አንዷ።

«ቤት ተሳስቶ ነው እንጂ እሱን ፈልጎ ነው የመጣው» አለች ሌላዋ። ሳቁ። እኔ ውሃውን በቅጡ ሳልሞላ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲያ ደመና በጠቆረ ቁጥር እጄ ሥራ አልይዝ አለ። ልጄ ለስብሰባ የሚሄድበት መንገድ ገላጣ ሜዳ ነው። አንድ ቀን ሸሚዙን አጥቤ ሳበቃ አንገትጌውን ተርትሬ ማተብ ከውስጥ ሰፋሁበት። እሱ አያውቅም፤ እግዚአብሔር ግን ያይለታል ብዬ ነው።

አንገቱን ሲከረክረው ጊዜ አገኘው። አረም ላይ ነበርኩ፤ ሸሚዙን በእጁ ይዞ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እማ?»

«መብረቅ እንዳይመታህ ነው።»

«እግዜሩ አንገትጌ እየገለጠ ይፈትሻል እንዴ? ከኛ ሊቀመንበር ባሰ በይኛ!»

«አትቀልድ። ፍራ።»

«የለም የምል ሰው ምኑን ልፍራ? አለ የምትይው አንቺ ነሽ፤ የምትፈሪውም አንቺ ነሽ። ለክር ብሎ ሰው የሚገድል ከሆነ፣ ክር ያሰረውን እንደሚምር በምን ታምኚዋለሽ? እነዚያ ሁለቱ ማተብ አልነበራቸውም?»

ነበራቸው። እኔው ነኝ ያሰርኩላቸው።

ፊቴን አየ። «ይቅር በይኝ፣ እማ» አለና ሸሚዙን አጠገቤ አስቀምጦ ሄደ።

አረሙን ትቼ ቤት ገባሁ። ቤት ገብቼ ደግሞ ወጣሁ። በደጃችን በኩል ማንጎ ተሸክማ የምታልፍ የአገሩ ተወላጅ የሆነች አንዲት የበርታ ሴት ነበረች፤ እንተዋወቃለን። ዓይኔን አይታ ቆመች።

«ልጅሽ ታመመ?»

«አልታመመም። መብረቅ ነው የምፈራለት።»

«መብረቅ እኔ ቤት መታ። ባሌ ይሰግዳል፤ መታ። ቤት ተቃጠለ።»

«ታዲያ አላህ ጨካኝ ነው?»

ደነገጠች። «አይ! ምን ትያለሽ? አላህ ከሪም፤ ቸር ነው። ቤት ደግሞ ሠራን።»

አንድ ማንጎ ሰጥታኝ ሄደች። ይዤው ቆምኩ፤ መብላቱንም ረሳሁት። ለሷ ቀለላት፣ ለኔ አልቀለለኝም። የገዛ ልጄን ከመብረቅ ልደብቅ ስሯሯጥ የማመሰግነውን ጌታ ምን ያህል ጨካኝ አድርጌ እንደማስበው ያን ቀን ታየኝ። ልጄ የለም ያለው እንዲህ ያለውን ከሆነ እኔስ አለ ማለት እፈልጋለሁ? ጨካኝ ከሆነ ክሩ አያስጥለውም። ቸር ከሆነ ደግሞ በስውር በሰፋሁት ክር አይደለም የሚምረው። እንዲህ እያልኩ ስወጣ ስገባ መሸ። የኔን ማተብ በእጄ ነካሁት። እሱን አልፈታውም፤ በፍርሃት አላሰርኩትማ።

በማግስቱ ማለዳ የሸሚዙን አንገትጌ በእሾህ ተርትሬ ክሩን አወጣሁ። መልሼ ሰፍቼ ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና ለብሶ ወደ ስብሰባው ሄደ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ ቆምኩ። ሌላ ቀን «አትግደልብኝ» ነበር የምለው፤ ያን ቀን «ስለ ሰጠኸኝ ተመስገን» ብዬ አበቃሁ። ሰማዩ ጠቁሯል። በቆሎዬ ውስጥ ገብቼ ማረም ጀመርኩ፤ ባጉረመረመ ቁጥር ግን ቀና እያልኩ መንገዱን አየሁ።