አራት ሰከንድ የዘገየው ጎል

ሮቤ ውስጥ ዲሽ መትከል በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ ጋሽ ግርማ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አወጡኝና አሥር ቁጥር ቁልፍ ሰጡኝ። «ብሎኑን በግማሽ አላላ፤ ዲሹን በጣት ስፋት አዙር፤ ሪሲቨሩን እይ። አትቸኩል» አሉኝ። ትምህርቴ ይኸው ነበር። የቀረውን ከስልኬና ከተውሶ መጻሕፍት ለቃቀምኩት።

በሦስተኛው ዓመት ብቻዬን መሥራት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ትልቅ ደንበኛዬ ኳስ ማሳያ ቤት ያላቸው ሐጂ ጀማል ነበሩ። ከጣቢያዎቹ ሁሉ ምስሉ ጥርት ያለውን መርጬ አስገባሁላቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ደውለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ። «አካም! ና፣ ጉድህን እይ!»

ሄድኩ። የእሳቸው ተመልካች ኳሷን ገና መሐል ሜዳ ላይ እያየ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ኳስ ቤት «ጎል!» የሚል ጩኸት መጣ። የሐጂ ወንበሮች ግማሾቹ ባዶ ነበሩ።

«ወላሂ፣ የነሱ ከብርሃን ይፈጥናል!» አሉ ሐጂ።

«ከብርሃን የሚፈጥን የለም» አሉ ፊዚክስ የሚያስተምሩት መምህር ታደሰ፣ ከፊት ወንበር ሳይዞሩ።

ከብርሃን የመፍጠን ነገር ሁልጊዜ ያብሰለስለኛል። «የጠፈር መንኮራኩርስ?» አልኳቸው።

«ክብደት ያለው ነገር ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ቁጥር የሚጠይቀው ጉልበት ማለቂያ የለውም። ጠፈሩን ራሱን አጥፎ ማቋረጥ በስሌት ላይ አለ። ለዚያ የሚሆነውን ኃይል ግን ያገኘ የለም።»

«እኔ ኮከብ ልሂድ አላልኩም፣ መምህር! ጎረቤቴን ልድረስበት ነው የምለው» አሉ ሐጂ። ቤቱ ሳቀ።

እኔ ግን መሸሻ አገኘሁ። «ሐጂ፣ ሳተላይቱ ሩቅ ነው። ብርሃንም ጊዜ ይፈጅበታል። ምንም ማድረግ አይቻልም።»

«እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ዲሽህን ንቀል። ሌላ ሰው አስጠራለሁ» አሉኝ።

ቤት ገብቼ አሰላሁ። ሳተላይቱ ያለው ሰላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ምልክቱ ወጥቶ ለመውረድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ያም ሁለቱንም ቤቶች እኩል ያዘገያል።

በማግሥቱ ጨዋታ ነበር። ድምፅም ጊዜ ስለሚፈጅበት፣ ከሁለቱ ቤቶች እኩል ርምጃ ቆጥሬ፣ የስልኬን ሰዓት መቁጠሪያ ይዤ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ።

«አንተ፣ አስፋልቱን ልትገዛው ነው እንዴ?» አለኝ አንድ ባለባጃጅ።

በሁለቱ ጩኸቶች መካከል አራት ሰከንድ። በሁለተኛውም ጎል አራት። ይህ የብርሃን ጥፋት አልነበረም። ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘሁት፦ የሐጂ ጣቢያ ምስሉን ለማጥራት ከጎረቤቱ ጣቢያ አራት ሰከንድ አብልጦ ያቆየዋል፤ ጣቢያውን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ዓርብ ጠዋት ሄጄ ነገርኳቸው።

«ታዲያ በብርሃን አሳበብክ?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«በል ውጣ ጣሪያው ላይ።»

ነፋስ ነበር። ዲሹን ወደ ሌላ ሳተላይት ለማዞር እስከ እኩለ ቀን ቆየሁ። አዲሱ ጣቢያ ምስሉ ደብዘዝ ይላል።

«የተጫዋቹ ፊት አይለይም እኮ!» አሉ ሐጂ።

«ጎሉ ግን በሰዓቱ ይደርሳል።»

ቅዳሜ እዚያው አስፋልት ዳር ቆምኩ። ሁለቱ ቤቶች አብረው ጮኹ። ጣቴ ሰዓቱን ሁለቴ ለመጫን ጊዜ አላገኘም።

ከብርሃን መፍጠን የሚቻል አይመስለኝም። ለደንበኛ «አይቻልም» ከማለቴ በፊት ግን እለካለሁ፤ መጀመሪያ የራሴን ሥራ።