የሚነዝረው ክር

ነርስ ነኝ። ንፋስ መውጫ ላይ አዳር ተረኛ ሆኜ፣ ሲነጋ ሚኒባስ ተሳፍሬ ረፋዱ ላይ ባሕር ዳር ገባሁ። ከስንት ዓመት ምኞት በኋላ ቤዝ ጊታር ልገዛ ነው። የሙዚቃ መሣሪያ ሱቁ ሻጭ ሁለት አቀረበልኝ። የአንደኛው ድምፅ የጠራ ነው። ሁለተኛውን ስነካው ወፍራሙ ክር ብረቱን እየታከከ ነዘረ።

«እሱን ተዪው፤ ችግር አለበት» አለኝ።

ንዝረቱ ግን ጋይንት፣ አባቴ ቤት መልሶኝ ነበር።

አባቴ ገበሬ ነበሩ፤ በዐቢይ ጾም ከእርሻ ሲመለሱ በገና ይደረድራሉ። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ጾሙ ሊገባ ሲል በገናውን አውርጄ አቧራውን ጠረግሁላቸው። ከየአውታሩ ሥር ቁራጭ ቆዳ ተወሽቋል። ቆሻሻ መስሎኝ ሁሉንም ለቅሜ ምድጃ ውስጥ ጣልሁት።

ማምሻውን አባቴ እግራቸውን ታጥበው ተቀመጡና ደረደሩ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ቆም አሉ፤ ደግመው ነኩት፤ ከዚያ በገናውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«ጠራ አይደል፣ አባባ?»

«ጠራ» አሉ። አልተቆጡም። «የጠራ ድምፅ ላልደከመው ሰው ነው፣ ልጄ።»

አልገባኝም። በማግስቱ፣ ቀንበሩን ከሞፈሩ ከሚያስሩበት አሮጌ ጠፍር ላይ ቆዳ እየቆረጡ በየአውታሩ ሥር መልሰው ሲወሽቁ አየኋቸው፤ ሲደረድሩት በገናው እንደ ቀድሞው ነዘረ።

አሁን ሱቁ ውስጥ ቆሜ፣ እግሬ ከአዳሩ አብጧል። የሚነዝረውን ጊታር አቀፍሁት።

«እሺ፣ ክሩን ላስተካክልልሽ» አለ ሻጩ እጁን ዘርግቶ።

«እንዳትነካብኝ» አልሁት።