ክረምት ከበጋ የለበሰው ካፖርት

ይህ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ አሰላ ከተማ ነው። ያኔ ከበቆጂ ቅቤ እያመጣሁ ገበያ ላይ እሸጥ ነበር። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህንን ግን አልረሳሁም፣ መርሳትም አልፈልግም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ።

ታናሽ ወንድሜ ቀዲር ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን የዓረብ ሱቅ በረንዳ ላይ አስቀምጦ ይሠራ ነበር። አንድ ክረምት ታመመ። እንቅልፍ አጣ፤ «ሊገድሉኝ ነው» እያለ ከቤት እየወጣ ይሮጥ ጀመር። የምናደርገው ቢጠፋን በገመድ አሰርነው። ዱዓ አስደረግን፣ ጎረቤት መክሮን ጠበልም ሞከርን። በመጨረሻ የክሊኒኩ ድሬሰር «ይህ እንደማንኛውም በሽታ ነው፤ መድኃኒት አለው» ብሎ ወደ አዲስ አበባ ላከን። እዚያ የአእምሮ ሐኪም ቤት ብዙ ወራት ተኝቶ፣ ኪኒኑን ይዞ፣ እንደ ድሮው እየቀለደ ተመለሰ።

እሱ ዳነ፤ ሰው ግን አላዳነውም። አቶ አማን የሚባል እህል ነጋዴ ነበር፤ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ ቃሉ የሚሰማ። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፣ በሆዴ ግን አንተ ነው። ይህ ሰው ገበያ መሀል ቆሞ፣ «ያበደ ሰው ሲሰፋ የሚያስበው ነገር ከክሩ ጋር ልብሱ ውስጥ ይገባል፤ የለበሰውም ያብዳል» አለ። ከየት እንዳመጣው አላህ ይወቅ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው ዲክሲስ ድረስ ሄደ። ለማሰፋት ጨርቅ የሰጠ ሁሉ ሳይቆረጥ መልሶ ወሰደ። ባለሱቁም እያፈረ፣ «ደንበኛ ሸሸብኝ» ብሎ መኪናውን ከበረንዳው አስነሳው።

ቀዲር ቤት ዋለ። ኪኒኑን ከእኔም ተደብቆ ይውጥ ጀመር፤ ቀጥሎ ጭራሽ ተወው። «እብድ ያስባለኝ ይሄ ኪኒን ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ሥራ ካላገኘ፣ ኪኒኑንም ካልዋጠ፣ ያ ገመድ ተመልሶ እጁ ላይ እንደሚገባ ታየኝ።

ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። ቀዲርን ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ከሸዋ መጥተው አሰላ የኖሩ ልብስ ሰፊ።

«ለበዓል ሥራ ይበዛብዎታል። እርስዎ ይለኩ፣ ይቁረጡ፤ ቀዲር ቤት ሆኖ ይስፋ» አልኳቸው።

«ሰው ያወቀ እንደሆነስ?»

«ማወቁማ ያውቃል። የምነግረው እኔ ነኝ። ቀኑን ብቻ ለእኔ ይተዉልኝ።»

አተኩረው አዩኝና «አንቺስ ክፉ ነሽ» ብለው ሳቁ። ተስማሙ። ጨርቁ በዘንቢል እየሆነ፣ ላዩ ላይ ጎመን እየተደረገ ቤታችን ይመጣ ጀመር። ቀዲርም እንቅልፉ ካልተስተካከለ ስፌቱ እንደማይስተካከል ስለሚያውቅ ኪኒኑን ራሱ ጠይቆ ዋጠ።

ዓረፋ ሲደርስ ከዘንቢሉ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ወጣ። የአቶ አማን ካፖርት ነው። ለቀዲር ነገርኩት። ጨርቁን በጣቱ ዳሰሰና፣ «አበላሽቼ ልስፋለት እንዴ?» አለኝ።

«የለም። በሕይወትህ ከሰፋኸው ሁሉ አሳምረህ ስፋለት» አልኩት።

አሳመረው። ገበሩ አልጥመው ብሎ ፈቶ እንደገና ሰፋው።

ከጭላሎ ተራራ የሚወርደውን ነፋስ የአሰላ ሰው ያውቀዋል። አቶ አማን ያንን ካፖርት ከትከሻው አላወርድ አለ። መስጊድ በሱ፣ ለቅሶ በሱ፣ ፍርድ ቤት በሱ። «የደምሴ እጅ ይባረክ» እያለ ላገኘው ሁሉ ያሳያል። እኔ እንደ ማሽላ እያረርኩ እስቃለሁ። ወዲያው ብነግረው፣ በማግስቱ ራሱን ቢያመው «ይኸው፣ ካፖርቱ ነው» ይል ነበር። ስለዚህ ክረምት ከበጋ ይልበሰው አልኩ። ቀዲር «ተይው እህቴ፣ ሥራ አገኘሁ አይደል?» ይለኛል። እንዴት እተወዋለሁ? ተደብቆ የሚሠራ ሰው ከታሰረ ሰው በምን ይሻላል?

በሚቀጥለው ክረምት፣ በገበያ ቀን፣ አንዲት የዲክሲስ ሴት ለአቶ አማን ገብስ ልትሸጥ መጣች። እኔ አጠገባቸው ቅቤዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ሴትየዋ ልጇ ከወለደች ወዲህ ሰው እንደማታውቅ ነገረችው። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ውሰጃት ብለዋት ልታማክረው ነው።

«እዚያ የገባ ቢድን እንኳ ስሙ አይድንም» አላት። «የኛን ቀዲር አታይም? የሱን ስፌት የለበሰ ሁሉ ያብዳል።»

ሴትየዋ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና አለቀሰች። ቀኑ ዛሬ ነው አልኩና ተነሳሁ።

«አቶ አማን፣ ካፖርትዎ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ። እንዲህ ያለ ልብስ ለብሼ አላውቅም።»

«እንቅልፍ ይወስድዎታል?»

«ለምን አይወስደኝ?»

«ብቻዎን ማውራት፣ ከቤት ወጥቶ መሮጥ፣ እንዲህ ያለ ነገር ጀምሮዎታል?»

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። አቶ አማን «ምን ሆነሻል አንቺ ሴት?» አለኝ።

«እኔ ደህና ነኝ። እርስዎም ደህና ነዎት። ካፖርቱን የሰፋው ግን ቀዲር ነው።»

መጀመሪያ ሳቀ። ሰው «ደምሴን ጥሩት» አለና ጋሽ ደምሴ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ። «አዎ፣ እኔ ቆረጥኩት፤ የሰፋው ቀዲር ነው» አሉ። ከዚያ በጣታቸው ዙሪያውን ያመለክቱ ጀመር። «ያንተም ሱሪ የሱ ስፌት ነው። ያንቺም ቀሚስ። የዚያ ሰውዬም ኮት።» የእህል ተራ ሰው ሁሉ የገዛ እጅጌውን እያገላበጠ ማየት ያዘ።

አቶ አማን ፊቱ ጠቆረ። ካፖርቱን አወለቀና የገብስ ጆንያ ላይ ጣለው። ማንም አልሳቀም፣ ማንም ልብሱን አላወለቀም። በስስ ሸሚዝ ብቻውን ቆመ። ካፊያው ሲጀምር ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር። አንድ ሽማግሌ «ኧረ አማን፣ ልበሰው፣ በብርድ ልትሞት ነው» አሉት። ጥቂት አንገራገረ። ከዚያም በገዛ እጁ አንስቶ ለበሰው፣ ቁልፉንም እስከ አንገቱ ቆለፈ።

ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ቀን ጠግቤ አላውቅም።

የዲክሲሷ ሴት ክንዴን ይዛ «ወንድምሽ ጋ ውሰጂኝ» አለችኝ። ቀዲር ስለ ሐኪም ቤቱ የምትጠይቀውን ሁሉ ሳያፍር ነገራት። ልጅቷን ወሰደቻት፤ ከመንፈቅ በኋላ ልጅቷ ድና፣ ሕፃኗን አዝላ ስትመለስ በዓይኔ አይቻታለሁ። ቀዲርም ወደ በረንዳው ተመልሶ፣ ኪኒኑን ደንበኛ ፊት በሻይ እየዋጠ እስኪያረጅ ሰፋ። ስለ ሐኪም ቤቱ ሊጠይቁት የሚመጡም ነበሩ፤ መጀመሪያ ግን ሁሉም ቁልፍ ሊያስተክሉ የመጡ ይመስላሉ።

አቶ አማን ሲሞት ለቅሶው ላይ ሽማግሌዎች «ይቅር በይው» አሉኝ። «አላህ ይማረው» አልኩ። አላህ ይማረው ማለቴ ነው፤ እኔስ አልማርኩትም። ወንድሜን በቁሙ ሊቀብረው ነበር እኮ።

አሁን አርጅቻለሁ። ሰው «እገሌ እኮ የአእምሮ ሐኪም ቤት ገብቶ ነበር» ብሎ ሲንሾካሾክ ከሰማሁ ግን ዛሬም ዝም አልልም። ጠጋ እልና የለበሰውን እየዳሰስኩ፣ «ይህን ማን እንደሰፋልህ ታውቃለህ?» እለዋለሁ።