ጋሼ መኮንን ያዩት ስንጥቅ

ይህን ነገር ለባለቤቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ስትሰሙ ግን አትዘኑልኝ።

እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ደብሊን በምትባል ከተማ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ፕሮግራመር ነበርኩ። አጠገባችን ኒው አልባኒ በምትባል ከተማ ላለ መጋዘን የመድኃኒት ብልቃጦችን በካሜራ የሚፈትሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ እየወረራቸው ስላስቸገሩኝ ሜዲያን ፊልተር የሚባል የፎቶ ማጥሪያ ጨመርኩበት። ፊልተሩ እያንዳንዷን ነጥብ ከጎረቤቶቿ ጋር ከጨለማው ወደ ብሩሁ ያሰልፍና የመሃለኛውን ዋጋ ይሰጣታል፤ ለብቻዋ የተለየች ነጥብ ትጠፋለች። እኔም የጎረቤቶቹን ቁጥር አበዛሁት። ፎቶው ጠራ፣ አለቃዬ በሰው ፊት አመሰገነኝ፣ ልቤም አበጠ።

መጋዘኑ ውስጥ ማሸጊያው ላይ ጋሼ መኮንን ይሠሩ ነበር። በዲቪ ስመጣ ከኤርፖርት የተቀበሉኝ፣ ሁለት ወር ቤታቸው ያኖሩኝ ሰው ናቸው። አንድ ቀን በብሬክ ሰዓታቸው ደወሉልኝ።

«ስማ፣ ካሜራችሁ ክራክ ያለውን ፓስ እያደረገ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ» አሉኝ።

ያልተጣራውን ፎቶ አውጥቼ አየሁ። ስንጥቋ አለች፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች። በተጣራው ላይ የለችም። ፊልተሬ ከነጠብጣቡ ጋር ጠርጓታል። ቁጥሩን መልሼ ቀነስኩና ዝም አልኩ። እኔ ነኝ ዝም ያልኩት።

በሳምንቱ ቀድሞ ካለፉት ውስጥ የተሰነጠቁ ብልቃጦች ደረሱን የሚል ስሞታ ከደንበኛ መጣ። ካሜራው አሳልፏቸዋልና ብልቃጦቹን በማሸግ ላይ የሰነጠቁት ጋሼ መኮንን ናቸው ተባለ። ከሥራ አስወጧቸው።

«ካሜራው ልክ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ልክ ነበር፣ ጋሼ። ምናልባት ዓይንዎን ቢታዩ ይሻላል» አልኳቸው።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ያንን ስንጥቅ በገዛ ዓይኔ ካየሁ በኋላ። ሥራዬን ፈርቼ ነው ልበል? ፈርቼ ነበር። ግን የበለጠ የሳሳሁት ለዚያች ምስጋና ነው። ለእሷ ብሎ የሰው ዓይን የሚያሳጣ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ሐኪሙ ዓይናቸው ጤነኛ መሆኑን ነገራቸው። እሳቸው ግን እኔን አመኑ። «አንተ የተማርክ ነህ፣ ለምን ትዋሸኛለህ?» አሉና የመኪናቸውን ቁልፍ ለልጃቸው ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ነድተው አያውቁም።

አሁን እሑድ እሑድ ልጃቸው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስታወርዳቸው ክንዳቸውን ይዤ ደረጃውን አወጣቸዋለሁ። እያንዳንዱን ደረጃ በእግራቸው እየዳሰሱ ይወጣሉ። «ተባረክ ልጄ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» ይሉኛል።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም። ልጠይቃቸው የሚገባኝ ክንዳቸውን የያዝኩትን ሰው ነው፤ ባለፈው እሑድም «አሜን» ብዬ አስገባኋቸው።