በዓሣው ገንዳ ውስጥ የበተንኩት የጓይ አፈር

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ። ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ፤ በወሰን ጠብ ወንድሜን መርገሜን ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን ምላሴ ሥር ሸሽጌ ስንት ጊዜ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ተብዬ ተነሣሁ። ምኑን ነው የፈታኝ? ያልነገርኩትን?

መሐል ሜዳ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ጥበቃ ነበርኩ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የባዮሎጂ መምህሯ ሰናይት የምትባል ልጅ እግር ሴት ነበረች። በክፍሏ ጥግ መስታወት አስገጥማ ገንዳ ሠራች፤ አሸዋ አነጠፈች፤ ውሃ ሞልታ አራት ዓሣና ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል አስገባችበት። በዚህ ብርድ አገር ዓሣ! ሳቅኩባት። ተማሪዎቹ ግን ከመስታወቱ አልላቀቅ አሉ። የምታስተምራቸው ቅጠል ማየት ነበር። አሮጌው ቅጠል ከሥር ሲገረጣ የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ቅጠሉ ሲበሳሳ ሌላ፤ አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ ገላው ቢጫ ሲሆን ደግሞ ሌላ። እኔ መስኮቱ ሥር ቆሜ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን እንቃለሁ። ገብስ ሲገረጣ እያየሁ ላደግሁት ሰው ይህች ስለ ቅጠል ልትነግረኝ ነው? እል ነበር።

የጥር ዕረፍት ሲመጣ ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች። ቁልፉንና አንድ ወረቀት ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ ቅጠሉ ከተለወጠ ምን እንደሚደረግ ጽፌዋለሁ። ያነባሉ አይደል?»

«እንዴታ!» አልኩ።

እንዴታ። ወረቀቱን ዘቅዝቄ ይዤው እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር።

በሳምንቱ ጫፍ ጫፉ ላይ ያሉት አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። መጀመሪያ ያዩት ክፍሉን የሚያጸዱት እትዬ አስካለ ናቸው። ባል የሞተባቸው፣ በኮንትራት የተቀጠሩ፣ ሴት ልጃቸውን እዚያው ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል የሚያስተምሩ ሴት ነበሩ።

«አንተ፣ ይሄ ነገር ወባ ያዘው እንዴ? ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ሥራዎን ይሥሩ።»

«ዓይንህ ደከመ መሰለኝ። ልጄን ልጥራትና ታንብብልህ።»

ክፋት አልነበረባቸውም። እያወቁብኝ ገመናዬን ሊሸፍኑልኝ ነበር። እኔ ግን ፊቴን በጥፊ የተመታሁ ያህል ነደደኝ። በዘጠነኛ ክፍል ልጅ ላስነብብ? እኔ?

እኛ አገር መሬት ሲደክም ጓይ እናደርጋለን። አፈሩን ከምረን፣ ከሥሩ ኩበት ሰግስገን እናቃጥለዋለን፤ የተቃጠለውን ስንበትነው የዚያ ዓመት ገብስ ይነሣል። ከወንድሜ ማሳ የጓይ አፈር በፌስታል ቋጥሬ መጣሁና ሁለት እፍኝ ሙሉ ገንዳው ውስጥ በተንኩ። እኔ ነኝ የበተንኩት። በእነዚህ እጆች። ደስ ብሎኝም ነበር፤ ስትመለስ ለምልሞ ታየዋለች ብዬ።

በማግስቱ ዓሦቹ ሆዳቸውን ሰቅለው ተንሳፈፉ። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ሟሟ።

እስከዚህ ድረስ ያለው አለማወቅ ነው። ሰው ባለማወቁ ይማራል። ቀጥሎ ያደረግሁት ግን አለማወቅ አይደለም። እጅጌዬን ሰብስቤ አመዱንና አፈሩን እስከ መጨረሻው ጠርጌ አወጣሁ፤ አሸዋውን አጠብሁ፤ ውሃውን ቀየርሁ። የሞቱትን ዓሦች ግን መልሼ አስገባኋቸው። መልሼ አስገባኋቸው! ይህን ያሰበው የትኛው ጭንቅላቴ ነው?

ሰናይት ተመልሳ ገንዳውን ስታይ አለቀሰች። ርዕሰ መምህሩ እኔንና እትዬ አስካለን አስጠሩን። እኔ ቀድሜ አፌን ከፈትኩ።

«እትዬ አስካለ በረኪና የነካ ባልዲ ይዘው ገንዳው አጠገብ ሲያጸዱ አይቻለሁ።»

በረኪና ሥራቸው ነው፤ ሁሌም ይይዛሉ። ለዚያ ነው ያመኑኝ። እትዬ አስካለ አልጮሁም፣ አልተራገሙም። ወደ እኔ ዞረው «እኔን? አንተ አየኸኝ?» ብቻ አሉ። እኔም አዎ አልኩ። ሁለት ጊዜ አዎ አልኩ።

ኮንትራታቸው ሳይታደስ ቀረ። ልጅቱን ይዘው ቀየት በምትባል ትንሽ ከተማ ወንድማቸው ቤት ገቡ፤ ልጅቱም ከዘጠነኛ ክፍል አላለፈችም፤ ዓረብ አገር ሄደች።

እኔ ካረጀሁ ወዲያ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ። ያቺን ወረቀት ከሣጥኔ አውጥቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኳት። «አዲሱ ቅጠል ቢጫ ከሆነ ብረት አንሶት ነው። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ካለው ጠርሙስ አንድ ክዳን ይጨምሩ። ሌላ ምንም አይጨምሩ፤ ዓሦቹ ይሞታሉ።» አራት መስመር አትሞላም። የእትዬ አስካለ ልጅ ባንድ ትንፋሽ ትጨርሳት ነበር።

ባለፈው ዓመት በገበያ ቀን ቀየት ወረድኩ። ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። የፈተሉትን የበግ ፀጉር ዘርግተው ሲሸጡ አገኘኋቸው።

«አንተ ሰው፣ አረጀህሳ! ሌባው ነው ወይስ ዘብ መቆሙ እንዲህ ያጎበጠህ?» ብለው ሳቁ። ጎናቸው አስቀመጡኝ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው፣ የዘረጉትን ፀጉር እያዩ እንዲህ አሉኝ፦

«ያ ባልዲ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ነው። ያኔ አላደረግሁትም ብዬ ነበር። ኋላ ሳስበው ሳስበው፣ ሳላየው ተረጭቶ ነው አልኩ። አንተማ ያየኸውን ነው የተናገርክ፤ አልቀየምህም። ልጄን ከትምህርቷ ያስቀረኋት እኔው በእጄ ነኝ። ለንስሐ አባቴ ነግሬ እሰግዳለሁ።»

ኃጢአቴን ወስደው እየሰገዱበት ነው። በዚያ ጉልበታቸው። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ቃል «ይተዉት፣ እግዜር ያውቃል» የሚል ነበር። እግዜርማ ያውቃል! የማያውቁት እሳቸው ናቸው። ተሰናብቼ ተነሣሁ። እስከ መናኸሪያው ድረስ «መንገዱ ይቅናህ» የሚለው ድምፃቸው ከጀርባዬ አልጠፋም።

እና አሁን ምን እያደረግሁ ነው? ለማያውቁኝ ሰዎች እየጻፍኩ ነው፤ ማንበብ ለሚችሉ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ይህንንም እያወቅሁ ነው የምጽፈው። አንተ የምታነበኝ፣ ይቅር ብትለኝ ምን ይረባኛል? ያንተ ኑሮ አልነበረም የተሰበረው። ፊደል አለመቁጠሬን ምክንያት አላደርገውም፤ አሁን ቆጥሬያለሁ፣ ያው ፈሪ ነኝ። ወደ ቀየት የሚሄደው መኪና ከደጄ ፊት ለፊት ነው የሚያልፈው። ዛሬም አለፈ።