ባዶ አንገት

ካርቱም ውስጥ እሑድ የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ የምናስቀድሰው ዓርብ ነበር፤ የማኅበራችንንም ጽዋ የምንጠጣው በዓሉ በሚውልበት ቀን ሳይሆን ለበዓሉ በሚቀርበው ዓርብ ነው። አሠሪዎቻችን ፈቃድ ቢከለክሉንም ቅዱሳኑ ቀን ይቀይሩልናል እያልኩ እቀልድ ነበር። የማኅበሩ መሪ ግን ይህን ቀልድ አትወደውም።

እትዬ ነበር የምንላት። በዕድሜ ብዙም አትበልጠንም፤ እትዬነቱን ያገኘችው በጾሟና በስግደቷ ነው። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ማዮ ሰፈር የተከራየቻት አንዲት ክፍል ነበረቻት፤ የምንሰበሰበውም እዚያው ነው። ከሁሉ በላይ የምትኮራው በማተቧ ነበር። ክርስትና ከተነሣችበት ከሰማንያ ቀኗ ጀምሮ አንገቷ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ክሩ ሲያረጅ መጀመሪያ አዲሱን ታስራለች፣ ከዚያ በኋላ ነው አሮጌውን የምትቆርጠው፤ በመሀል ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ያለ ማተብ እንዳትሆን። ይህንን ሳትነግረው የምታልፈው አዲስ መጤ አልነበረም። እኔ ደግሞ በሰማሁት ቁጥር እናደድ ነበር። ጸሎቷን አከብራለሁ፤ ክሯን ስታወራ ግን ተነሥቶ መውጣት ያምረኛል።

አንዲት ልጅ ነበረች፤ በመተማ በኩል ከገባች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነው። ደላላው አል-ማንሺያ፣ ዓባይ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ ሥራ አገኘላትና ምክር ጨመረላት፦ ስምሽን የሙስሊም አድርጊ፣ ተሸፋፈኚ፣ ይቺንም ክር ቁረጪ፤ አለዚያ ጥሩ ቤት አይቀበሉሽም። እሷም ቆረጠችው። እንዲህ ያደረጉ ብዙ ነበሩ፤ ከእኛ ከማኅበርተኞቹም መካከል ለሥራ ሲሄዱ ክራቸውን በሻርፕ የሚሸፍኑ ነበሩ። እሷ ግን ገና ልጅ ናትና መሸፈን የሚባል ብልሃት መኖሩን የነገራት የለም።

ማኅበራችን ላይ የመጣችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ጽዋው ዞሮ እሷ ጋ ሲደርስ እትዬ አንገቷን አየችና ከእጇ ላይ መለሰችው። ንስሐ ገብተሽ፣ ማተብሽን አስረሽ ነይ፤ እስከዚያው ደጅ ሁኚ አለቻት። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ጸሎቱን አስጨረሰችና ዳቦውን ሳትቀምስ ሄደች። እኔ ይህ ምን የሚሉት ክርስትና ነው ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። እትዬ ሥርዓት ነው ብላ ዘጋችኝ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ዝር አላለችም።

ወራት አልፈው በሌላ ዓርብ፣ የማኅበራችን ቄስ ጽዋውን ባርከው ገና እንደተቀመጡ፣ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው ልጅቷ ባለችበት ቤት ወጥ የምትሠራ የወሎ ሴት ናት፤ ሙስሊም ነች፤ ገበያ ላይ ነው የተዋወቅነው።

«ያቺ ልጅ አረፈች» አለችኝ። «ወላሂ፣ ወባ ነው ብለን ነበር። ጠዋት ሆስፒታል እንደደረስን አለቀች፤ ወደ ቤት መለስናት። መዳም ሙስሊም መስላታለች፤ የሚያጥቧት ሴቶች ጠርታለች፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ትቀበራለች። እኔ ደግሞ የእናንተ መሆኗን አውቃለሁ። የምትወስዷት ከሆነ ያላ፣ ቶሎ ኑ።»

የሰማሁትን ለሁሉም ነገርኳቸው። ሌሎቹ ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። እትዬ አላለቀሰችም። የያዘችውን ዳቦ ቀስ ብላ ሰሃኑ ላይ አስቀመጠችና፣

«እግዚአብሔር የሥራዋን ሰጣት» አለች። «ማተቧን የበጠሰች ናት። በመረጠችው ይቅበሯት።»

ክው ብዬ ቀረሁ። በሕይወቴ ብዙ ክፉ ቃል ሰምቻለሁ፤ ፖሊስም ሰድቦኛል፣ አሠሪም ሰድባኛለች። እንዲህ ተረጋግቶ የተነገረ ክፉ ቃል ግን ሰምቼ አላውቅም። የልጅቷ ሬሳ ገና አልቀዘቀዘም ይሆናል። ልጮህባት ስል ቄሱ ቀደሙኝ።

ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ ጆሮ ሰጥቶ ካልሰሟቸው ድምፃቸው አይሰማም። ወደ እትዬ ዞሩና፣

«ያንቺን ማተብ ማን አሰረልሽ?» አሏት።

«ካህኑ ናቸዋ፣ አባ። እናቴ ታቅፋኝ።»

«አንቺ ያኔ ምን ታደርጊ ነበር?»

እትዬ ግራ ገባት። «ምን አደርጋለሁ አባ፣ ሕፃን ነበርኩ። አለቅስ ይሆናል እንጂ።»

«እንግዲያው የምትኮሪበት ያንቺ ሥራ የቱ ነው?» አሉና መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። «ተነሺ። አንቺም ትሄጃለሽ።»

አምጃድ የሚሏትን ትንሽ ሚኒባስ ተኮናትረን ተጨናንቀን ገባን። የዓርብ ስግደት ሰዓት ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሏል። ከቀብሩ በፊት ከደረስን ደረስን፤ ካልደረስን ልጅቷ በሐሰት ስሟ፣ ማን መሆኗን በማያውቁ ሰዎች መካከል ልትቀበር ነው። ከዚያ በኋላ ቆፍሮ የሚያወጣት የለም። እትዬ ጥግ ላይ ተቀምጣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እሷን እያየሁ እግዚአብሔር ዛሬ ያዋርድሽ እያልኩ በሆዴ እጸልይ ነበር።

ስንደርስ ያጋጠመን ያሰብነው አይደለም። ልትጮህብን፣ አታለለችኝ ልትል፣ ከነሬሳው ልታስወጣን ትችላለች ብለን የፈራናት መዳም ምንጣፍ እንኳ ሳታነጥፍ ሸክላው ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ራሷን ይዛ ታለቅሳለች። የወሎዋ ሴት አጠገቧ ተንበርክካ ነገሩን በዐረብኛ አስረዳቻት። መዳሟ ቄሱን አየች፣ መስቀሉን አየች። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ፣ የናንተ ከሆነች ውሰዷት፣ ልጄን እንደምቀብር ሆኜ ነበር የተዘጋጀሁት አለች። ቀጥላም፣ ግን ለምን ደበቀችኝ፣ ከእሷ በፊት የነበረችውም ሠራተኛዬ ክርስቲያን ነበረች፣ አንገቷ ላይ ያቺን ጥቁር ክር አስራ ነው ሦስት ዓመት የኖረችው፣ ምን አልኳት ብላ ጠየቀችን።

ልጅቷ ማተቧን የቆረጠችው በከንቱ ነበር። ማንም አልጠየቃትም። ደላላው ከራሱ አውጥቶ ያላትን አምና ቆረጠች፣ በዚያው ምክንያት የእኛን ደጃፍ አጣች፣ ታማ ስትተኛ አንዳችንንም ሳትጠራ ሞተች።

የታጠበችው በእኛ ሴቶችና በወሎዋ እጅ ነው። ስትገነዝ ቄሱ ከበሩ ውጭ ሆነው ማተብ እሰሩላት አሉ። ከእኛ ውስጥ ክር የያዘ የለም፤ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። መዳሟ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ነጭ ክር አምጥታ ሰጠች፤ የወሎዋ ሴት ተቀብላ በጣቶቿ ትፈትለው ጀመር።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ እትዬ ከበሩ አልፋ አልገባችም ነበር። ገባችና መቀስ ስጡኝ አለች። ሰጧት። በግራ እጇ የአንገቷን ክር ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«እትዬ፣ አዲሱን ሳታስሪ?» አልኳት። ከአፌ ያመለጠኝ ነው።

አልመለሰችልኝም። ቆረጠችው። ክሩ የነበረበት ቦታ ዙሪያውን ነጣ ያለ መስመር ሆኖ ቀረ። ያ ሁሉ ዘመን የተኮራበት አንገት እንዲህ ራቁቱን ሲታይ አሳፈረኝ፤ ዓይኔን መለስኩ። በመንገድ ስጸልይ የለመንኩት ውርደት ይኸው መጣ፤ ደስታው ግን የት እንደገባ አላውቅም።

እሱኑ ለልጅቷ አሰረችላት። ቋጠሮው እምቢ አላት፤ የወሎዋ ሴት ክሩን ከአንድ ወገን ይዛላት ነው የጨረሰችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ በእኛ መቃብር፣ በክርስትና ስሟ ፍትሐት ተደርሶላት ተቀበረች። መዳሟ እስከ መቃብሩ በር አብራን መጣች።

ለቅሶውን የተቀመጥነው እትዬ ክፍል ውስጥ ነው። ቄሱ አዲስ ማተብ እሰሪ ቢሏት ትንሽ ልቆይ አባ አለቻቸው። የልጅቷ እናት መርዶዋን በአገሯ፣ በዘመዶቿ አፍ ከሰማች በኋላ የቀበራትን ሰው ድምፅ ልስማ ብላ ደወለች። እኔ ነኝ ያነሣሁት። ድምፅዋ ከልቅሶ ብዛት ተዘግቷል። እንዴት ሞተች አላለችኝም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ ልጄ» አለች። «እዚያ አገር የሚሄዱትን ማተብ ያስቆርጧቸዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። አንገቷ ላይ ነበር?»

እትዬ አጠገቤ ሆና ሰምታለች። ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«አለ፣ እናቴ። አብሯት ተቀብሯል። በእጄ ነው ያሰርኩላት።»

እናትየው ተመስገን፣ ተመስገን እያለች ቆየችና፣ «አንቺስ ማን ነሽ? ማን ብዬ ልመርቅሽ?» አለቻት።

«ጽዋ የከለከልኳት ነኝ» አለች እትዬ። «ከደጄ ያቆምኳት።»

ለቅሶ የተቀመጠው ሁሉ እትዬን ያያል። ለምን አሁን፣ ለእናት እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል ብዬ ስልኩን ልነጥቃት እጄን ዘረጋሁ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ» አለች እናትየው በመጨረሻ። «ልጄን በጸሎት በማስጠራበት ቀን አብሬ አስጠራሻለሁ።»

እትዬ ስልኩን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ስሟን ለእናትየው የነገርኳት እኔ ነኝ።